የጭነት አውሮፕላን ዋጋው የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ ሁለቱም 20 ዓመት የበረሩ ቦይንግ 767-300 አውሮፕላኖች ወደ ጭነት ለመቀየር ሲሸጡ ዋጋቸው በሚሊዮኖች ዶላር የሚለያየው ለምንድን ነው? አሮጌ እያለስ አዲስ ለምን ይገዛል?

መልስ፦ በዚህ ዕድሜ ገዢው በዋናነት የሚገዛው ሞተር ነው። በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩ ዲስኮች ዕድሜያቸው የሚቆጠረው በሳይክል ነው፤ አንድ መነሳትና ማረፍ አንድ ሳይክል ይባላል። የዲስኩ ወሰን 20,000 ሳይክል ነው ብንልና 18,500 ቢጨርስ፣ የቀረው 1,500 በቀን ሁለት ጊዜ ለሚነሳ አውሮፕላን ሁለት ዓመት ቢያቆየው ነው። ከዚያ ሞተሩ ወርዶ ይፈታል። የዚያኛው አውሮፕላን ሞተር ገና ከጥገና የወጣ ከሆነ የዋጋው ልዩነት እዚያው ላይ ነው።

ሌላው ወረቀት ነው። ዲስኩ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በየትኛው ሞተር ስንት ሳይክል እንደሠራ የሚያሳየው ሰነድ መሀል ላይ ከተቋረጠ፣ ብረቱ ቢያብረቀርቅም ለበረራ አይውልም። አዲስ ቀለም አይቶ የሚገዛ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የማረፊያ እግሮቹም በአብዛኛው በየ10 ዓመቱ ወርደው ይታደሳሉ፤ መቼ እንደታደሱ ይጠየቅ።

ቅየራው ራሱ ጎኑን ቆርጦ ትልቅ በር መግጠም፣ ወለሉን ማጠናከር፣ መስኮቶቹን መድፈንና ፓሌት (ጭነቱ የሚደረደርበት ዝርግ ሰሌዳ) የሚንሸራተትበትን መዘውር መዘርጋት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪስ ጋር ይህን ሥራ ቦሌ ላይ ጀምሯል። ወጪው ለደከመውም ለደህናውም አውሮፕላን ያው ስለሆነ፣ በርካሽ የተገዛ ደካማ አውሮፕላን ላይ ማፍሰሱ አያዋጣም።

አዲሱን የሚያዋጣው የበረራ ሰዓት ነው። በቀን አራት ሰዓት ለሚበር አውሮፕላን አሮጌው ይበቃል፤ 14 ሰዓት ከበረረ ግን በግዢው ዋጋ የተረፈውን ገንዘብ ነዳጅ ይበላዋል። አዲሱ 777 የጭነት አውሮፕላን 102 ቶን ገደማ ሲያነሳ የተቀየረው 767 የግማሹን ያህል ነው። ቦይንግ በ2019 እ.ኤ.አ. ለ777ቱ ያወጣው ዋጋ 352.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህን ሙሉውን የሚከፍል አየር መንገድ ግን አያገኙም።

ጥያቄ፦ የአበባ ካርቶናችን ሚዛን ላይ 14 ኪሎ ነው፤ የተከፈለበት ግን ለ20 ኪሎ ነው። ስህተት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የአየር ጭነት በሚይዘው ቦታም ይታሰባል። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ በሳንቲሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል፤ 100 በ40 በ30 ከሆነ 20 ኪሎ ይመጣል። ከሚዛኑና ከዚህ የሚበልጠው ይከፈላል። ካርቶኑ አብጦ ከሆነ የሚለካው ያበጠበት ቦታ ስለሆነ፣ ክዳኑን አጥብቀው ይሰሩት።