ጩኸት ብቻ ነው እንዴ?

ወንድሜ፣ የሄቪ ሜታል ባንዱን የሜታሊካን «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» አልበም (1988 እ.ኤ.አ.) «ዘፈኑ አያልቅም፣ ምኑ ነው የሚወደደው?» ብለሃል። ልክ ነህ፣ የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ወደ 10 ደቂቃ ይጠጋል። መንገዱ ካልተዘጋ ከፒያሳ አራት ኪሎ ሳያልቅ ትደርሳለህ። ጣዕሙ ግን እዚያው ርዝመቱ ውስጥ ነው። ከአልበሙ «ብላክንድ» የሚለውን ዘፈን ክፈትና ምቱን በእግርህ ለመቁጠር ሞክር። ያዝኩት ስትል አንድ ምት ይጎድልብሃል፤ ጊታሩና ከበሮው ግን እኩል ይታጠፋሉ፣ ዝንፍ የለም። ያ ነው ሱስ የሚያስይዘው። «ዋን» ደግሞ በለስላሳ ጊታር ይጀምርና ወደ መጨረሻው የእግር ከበሮው እንደ መትረየስ ይንጣጣል።

ቤዙ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር? እሱማ አይሰማም ማለት ይቻላል። አድናቂዎቹም እስከ ዛሬ ያማርራሉ። ብቻ በስልክ ስፒከር አትስማው፣ ጥሩ ማዳመጫ አድርግ። መጀመሪያ «ዋን»ን፣ ከዚያ «ብላክንድ»ን።