ጎማና ፕላስቲክ በማይክሮዌቭ ማብሰል፦ ጥያቄና መልስ

ጎማ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያላችሁን ጠይቁ። ቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ የቤት ማይክሮዌቭ ሽፋን አትፍቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ቁራጭ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቼ ብጠብቅ ብጠብቅ አልሞቀም። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ማሽኑ ደህና ነው። ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊኤትሊንና ቴፍሎን ማይክሮዌቩ የሚለቀውን ሞገድ ያሳልፉታል እንጂ አይውጡትም። ሞገዱ በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል። የሚያሞቀው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፍ ያለው ሞለኪውል አግኝቶ ሲያወዛውዝ ነው። እነዚህ ያ ጫፍ የላቸውም ማለት ይቻላል። ናይለን፣ ፒቪሲ (የቧንቧ ፕላስቲክ) እና ኢፖክሲ (የሚጠነክር ሙጫ) አላቸው። ስለዚህ ስትጠይቁ መጀመሪያ የዕቃውን ስም ጻፉ።

ጥያቄ፦ ፕላስቲክ በማይክሮዌቭ ይሠራል?

መልስ፦ የቱ ፕላስቲክ? ምን ልታደርገው? አሁን ምን አልኩ?

ጥያቄ፦ የመኪና በር ዙሪያ ያለው ጥቁር ጎማ በማይክሮዌቭ ነው የሚበስለው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እሰይ፣ ይሄ ጥያቄ ነው! አዎ። ጎማው ኢፒዲኤም ይባላል፤ የሚገርመው ብቻውን ቢሆን እንደ ፖሊፕሮፒሊን አይሞቅም። የሚያሞቀው ውስጡ የተቦካው ካርቦን ብላክ የሚባል ጥላሸት ነው። ጎማ ሙቀት በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያስተላልፈው፣ ስለዚህ ወፍራሙን በሞቃት አየር ብቻ ብታበስለው ቆዳው አሮ ልቡ ጥሬ ይቀራል። ማይክሮዌቭ ልቡንም አብሮ ያሞቃል፣ ጎማው ውስጥ ያለው ድኝም ረጃጅሞቹን የሞለኪውል ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራል፤ መብሰል የምንለው ይሄንን ነው። ከዚያ ጎማው ሳይቆም ወደ ሞቃት አየር ዋሻ ይገባል፣ ምክንያቱም ማይክሮዌቩ ሙቀቱን ወደ 200 ዲግሪ ያደርስልሃል እንጂ እዚያ ላይ ማቆየት የአየሩ ሥራ ነው። ችግሩ እርጥበት ነው። መስመሩ ላይ ጎማውን የሚጫን ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) የለም፤ ትንሽ ውሃ ካለ እንፋሎት ሆኖ ይነፋዋል። ጎማውን በምላጭ ቁረጠውና መሀሉን እየው፦ እንደ እንጀራ ዓይን ካወጣ ውሃ ነበረበት። ለዚህ ነው ካልሲየም ኦክሳይድ የሚጨመረው፣ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። ካርቦኑ በደንብ ካልተቦካ ደግሞ አንዱ ቦታ ሲቃጠል ሌላው ጥሬ ነው።

ጥያቄ፦ ነጭ ጎማስ?

መልስ፦ ካርቦን ብላክ ከሌለው ሞገዱን የሚውጥ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፣ ለምሳሌ ትንሽ ናይትራይል ጎማ።

አንድ አባል፦ እኔ ግን ማይክሮዌቭ የሞቀ ምግብ ካንሰር ያመጣል ብለውኛል።

ሌላ አባል፦ ኧረ ተው! ሞገዱ ኤሌክትሮን የሚነቅል ጉልበት የለውም። ሲጠፋ የሚቀር ነገርም የለም።

አንድ አባል፦ ታዲያ በሩ ላይ መረብ ለምን አደረጉ?

መልስ፦ ሥጋ ስለሚያሞቅ ነዋ፣ ያንተንም ጭምር። ስለ ምግብ ሌላ ቦታ ተከራከሩ። እዚህ ጎማ ነው።

ጥያቄ፦ ካርቦን ፋይበርና ኢፖክሲ በቤት ማይክሮዌቭ ማድረቅ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሞገዱን ይመልሳል፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ብልጭ ይላል። ኢፖክሲውም ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ሞገዱን አብዝቶ መዋጥ ሊጀምር ይችላል፣ ከዚያ ጭስ ነው። ጀርመን ካርልስሩኸ ላይ ለዚሁ ብለው ባለ ስድስት ጎን ትልቅ ምድጃ ሠርተዋል። የቤቱ ያ አይደለም።

ጥያቄ፦ የስሪዲ ፕሪንተር ፊላሜንት ማድረቅስ?

መልስ፦ ፒኤልኤ የሚባለው የፊላሜንት ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። የቤት ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ ያነዳል፣ ሌላውን ይተዋል። በሞቃት አየር አድርቅ።

ጥያቄ፦ ፌስታል አቅልጬ ብሎኬት ልሠራ ነው። የማይክሮዌቩን ሽፋን ፈትቼ ባሰፋውስ?

መልስ፦ ወንድሜ! ፌስታል ፖሊኤትሊን ነው፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ሽፋኑን ደግሞ አትፍታ አልኩ። መሀል ላይ ፒቪሲ ከተቀላቀለ አሲድ ጋዝ ነው የምትተነፍሰው።

ጥያቄ፦ ጎማ የሚያበስለው ማሽን ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ሻጭ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ጎማ በማይክሮዌቭ መልሶ ጥሬ ማድረግስ ይቻላል?

መልስ፦ በከፊል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሞከረ ነው። ሐሳቡ ድኙ ያሰረውን ፈትቶ ሰንሰለቱን መተው ነው። ሙቀቱ ትንሽ ካለፈ ግን ሰንሰለቱም ይበጠሳል፣ የሚወጣውም ደካማ ጎማ ነው። ስለዚህ ከአዲስ ጎማ ጋር ቀላቅለህ ተጠቀምበት እንጂ ብቻውን ብዙ አትጠብቅበት። ጎማው የመኪና ከሆነ ሽቦውን አውጥተህ ፈጭተህ ነው የምትጀምረው።