ሴሉ ፈጥኖ እየተራባ ምርቱ ለምን ወረደ?

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «አንቲቦዲ የሚያመርት የቾ ሴል ክሎን አለኝ። መጀመሪያ በሊትር 2 ግራም ገደማ ይሰጠኝ ነበር። ሦስት ወር ሳላቋርጥ ካሳደግኩት በኋላ ግን ወደ 800 ሚሊግራም ወረደ። ሴሎቹ ጤነኛ ናቸው። እንዲያውም ከድሮው ፈጥነው ይራባሉ። ሚዲያ ቀየርኩ፣ ግሉኮስ ጨመርኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። የምመርጠው በጂኤስ እና በኤምኤስኤክስ ነው። አንቲቦዲው የሚነሳው በሲኤምቪ ፕሮሞተር ነው። ምን ላድርግ?»

ለሌሎች አንባቢዎች ቃላቱን ላብራራ። ቾ ከቻይና ሃምስተር ኦቫሪ የተገኘ፣ መድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን የሚመረትበት ሴል ነው፤ ክሎን ከአንድ ሴል የተራባ ዘር ነው። ሚዲያ ሴሉ የሚያድግበት ምግብ ያለው ፈሳሽ ነው። ፕሮሞተር ጂንን የሚያስነሳ የዲኤንኤ ክፍል ሲሆን ሲኤምቪ ከቫይረስ የተወሰደ ነው። ጂኤስና ኤምኤስኤክስ የተሰጠውን ጂን የያዘው ሴል ብቻ እንዲተርፍ የሚያደርጉ መምረጫዎች ናቸው።

እህቴ፣ የመልሱ ግማሽ እዚያው ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። «ከድሮው ፈጥነው ይራባሉ» ብለሻል። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

አንቲቦዲ መሥራት ለሴል ከባድ ሸክም ነው። አሚኖ አሲዱም ጉልበቱም ወደዚያ ይሄዳል። ሸክሙን የጣለ ሴል ቀለል ይለውና ቶሎ ቶሎ ይከፈላል። እስኪ አብረን እናስላው። ከ100 ሴል አንዱ ብቻ ማምረት አቆመ እንበል። አምራቹ በ24 ሰዓት፣ ያቆመው በ20 ሰዓት እጥፍ ይሆናል። በ40 ቀን ውስጥ አምራቹ 40 ጊዜ፣ ያቆመው 48 ጊዜ ተከፍሏል። የ8 ዙር ብልጫ ማለት 256 እጥፍ ነው። 1 ለ99 የነበረው 256 ለ99 ሆነ። ከ10 ሴል 7ቱ ምንም የማያመርቱ ሆኑ ማለት ነው። ግሉኮስ ስትጨምሪ የምትቀልቢው እነሱን ነው።

ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ የቾ ሴል ጠባይ ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቴዎዶር ፐክ እ.ኤ.አ. በ1957 ኮሎራዶ ውስጥ ከአንዲት የቻይና ሃምስተር ኦቫሪ ካገኙት ወዲህ ክሮሞዞሞቹ ሲሰበሩና ሲቀያየሩ ኖረዋል። የፈለግነውን ጂን በቀላሉ የሚቀበለው፣ የሰጠነውንም አንዳንዴ የሚጥለው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1987 የረጋ ደም የሚያሟሟው ቲፒኤ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የተመረተው በዚሁ ሴል ነበር። ስለዚህ ተስፋ አትቁረጪ።

አሁን ሚዲያውን ተይውና ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅኑ ሂጂ። መጀመሪያ አቀዝቅዘሽ ካስቀመጥሻቸው ቪያሎች (የሴል ብልቃጦች) አንዱን አቅልጪ። ሴሉ ካገገመ በኋላ ከአሁኑ ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚዲያ፣ በእኩል ቁጥር ዝሪው። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ከምግብ አቀራረብ ጋር ስታገል ሳምንታት አልፈውብኛል። አሮጌውን ቪያል ሳቀልጥ ነው ነገሩ የገባኝ። አሮጌውም 800 ካሳየሽ ሴሉን አትክሰሺው። ሚዲያውን፣ የፒኤች መለኪያውን፣ አንቲቦዲውን የምትለኪበትን ዘዴ መርምሪ። ሴልን የሚበክለውን ጥቃቅን ባክቴሪያ፣ የማይኮፕላዝማን ምርመራም አድርጊ። አሮጌው 2 ግራም ከሰጠሽ ግን የተለወጠው ሴሉ ነው።

ስታወዳድሪ የመጨረሻውን ግራም ብቻ አትዪ። አንድ ሴል በቀን ስንት ፒኮግራም እንደሚሠራ አስይ። የሴል ብዛት ሲጨምር የእያንዳንዱን ሴል ድክመት ይሸፍነዋልና።

ከዚያ ሴሎቹን ቀዳዳ አበጅተሽላቸው ውስጣቸው ያለውን አንቲቦዲ በሚያበራ ቀለም ቀቢና ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን በሚለካው መሣሪያ፣ በፍሎው ሳይቶሜትር እያቸው። ለእኔ ከሁሉ የሚጠቅመው ምርመራ ይህ ነው። ግራፉ ላይ ሁለት ጉብታ ካየሽ፣ የሚያመርቱና የማያመርቱ ተቀላቅለዋል። አንድ ጉብታ ብቻ ሆኖ ወደ ታች ከተንሸራተተ ሁሉም አንድ ላይ ደክመዋል። ቀጥሎ የአንቲቦዲውን ጂን ቅጂ በኪዩፒሲአር (የዲኤንኤን መጠን በሚለካ ዘዴ) ቁጠሪ፣ ከጂኑ የሚወጣውን መልእክት፣ ኤምአርኤንኤውንም ለኪ። ቅጂው ከቀነሰ ጂኑ ጠፍቷል። ቅጂው እያለ ኤምአርኤንኤው ከወረደ ፕሮሞተሩ ተዘግቷል። ሲኤምቪ በዚህ ይታወቃል። ዲኤንኤው ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጠፍበትና ዝም ይላል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ችግሩ ፕሮቲኑ በሚታጠፍበትና ከሴሉ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የቀየርሽው ሚዲያ ግሉታሚን አለው? ጂኤስ ግሉታሚን የሚሠራ ኢንዛይም ነው። ሴሉን ከጂኑ ጋር ያሰረው ግሉታሚን ማጣቱ ነው። ሚዲያው ውስጥ ካለለት ግን ጂኤስም አያስፈልገውም፣ ያንቺም ምርጫ ፈረሰ። ይህን ሳታጣሪ ምንም አታድርጊ። ደግሞ ኤምኤስኤክስ ጂኤስን የሚያግድ ኬሚካል ነው፤ ሴሉ እንዳይጥል የሚጠብቀውም የጂኤስን ጂን ነው። አንቲቦዲው በራሱ ፕሮሞተር ስለሚነሳ፣ ጂኤስ እየሠራ እሱ ሊዘጋ ይችላል። ኤምኤስኤክስ መጨመር ብቻውን የማያድነው ለዚህ ነው።

አሁን የምታሳድጊያቸውን ሴሎች ለማከም አትድከሚ። ወደ ድሮው ቪያል ተመለሺ። በማሳደጊያ ሳህኑ በአንድ ጉድጓድ በአማካይ ከ0.5 ሴል ባልበለጠ መጠን እንደገና ነጣጥይው፤ በዘራሽበት ቀን እያንዳንዱን ጉድጓድ ፎቶ አንሺ። ከወጡት ክሎኖች ከፍተኛውን ብቻ ይዘሽ አትሩጪ። አምስት ስድስት አስቀሪ። 60 ትውልድ ያህል አሳድጊያቸው፣ በየሁለት ሳምንቱ ለኪ። ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚጀምር ግን የማይወርድ ክሎን ይሻልሻል። አንቲቦዲው ላይ የሚለጠፈውን የስኳር ሰንሰለትም እንደገና አስመርምሪ፤ ከአንድ እናት የወጡ ክሎኖች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሙቀቱን ከ37 ወደ 32 ዲግሪ ማውረድ በብዙ ክሎኖች ላይ የእያንዳንዱን ሴል ምርት ያሳድጋል። ይህን ግን የተረጋጋ ክሎን ስታገኚ ሞክሪው። ጂኑን የጣለ ሴል ቢቀዘቅዝም አያመርትም። አዲስ ፕላዝሚድ (ጂኑን ወደ ሴሉ የሚያስገባ ክብ ዲኤንኤ) ለመሥራት ጊዜ ካለሽ ደግሞ ሲኤምቪን በኢኤፍ1 አልፋ ፕሮሞተር መተካትን አስቢበት፤ መዘጋትን ይበልጥ ይቋቋማል።

አዲሱን ክሎን እንዳገኘሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ብዙ ቪያል አስቀምጪ። በየቪያሉ ላይ የፓሴጁን ቁጥር፣ ማለትም ሴሉ ስንት ጊዜ ወደ አዲስ ዕቃ እንደተዛወረ ጻፊበት፤ ለእያንዳንዱ ሙከራም ከዚያ አዲስ አቅልጪ። የሳይቶሜትሩ ሥዕል ሲደርስሽ ላኪልኝ። ሁለት ጉብታ ይሁን አንድ፣ አብረን እናየዋለን።