ከዶርም የሚነሳ ማህበር፦ ከጅማ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች ሁሉም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሴት ተማሪዎች ማደሪያ የመጡ ናቸው። ደብዳቤዎቹ ረጅም ስለነበሩ አሳጥረናቸዋል፤ መልሱን ግን አላሳጠርንም።

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ? ከሁለት ጎረቤት ዶርሞች የተሰባሰብን ስምንት የ2ኛ ዓመት ተማሪዎች ነን። የአሜሪካ ሴት ተማሪዎች «ሶሮሪቲ» የሚሉትን በቪዲዮ አየንና እኛም ለመመሥረት አሰብን። ነገሩ በትክክል ምንድን ነው? ፈቃድስ ያስፈልገናል?
*ስምንቱ፣ ከዋናው ግቢ*

መልስ፦ እህቶቻችን፣ ቃሉ የመጣው «ሶሮር» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ እህት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሶሮሪቲ የኮሌጅ ሴቶች ማህበር ነው። አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ብዙ ጊዜ አብረው ይኖራሉ፣ ለበጎ ሥራ የሚያውሉት ሰዓት ይመደብላቸዋል፤ አባልነታቸውም በምረቃ አያበቃም። ብዙዎቹ በግሪክ ፊደላት ይጠራሉ። በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው አልፋ ካፓ አልፋ የጥቁር ሴት ተማሪዎች የመጀመሪያው ነው። እዚያው በ1913 በ22 ተማሪዎች የተቋቋመው ዴልታ ሲግማ ቴታ ደግሞ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በተጠራው የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ቁም ነገር ውሰዱ። አዲስ ገቢን «ለመፈተን» ተብሎ የሚደረገውን ማንገላታትና ማዋረድ ግን ፈጽሞ አታምጡት። እዚያም ሰው የሞተበት፣ የተከለከለ ነገር ነው።

አሠራሩን ከሩቅ መፈለግም አያስፈልጋችሁም። በጅማ ዙሪያ ገበሬው ደቦና ዳዶ ያውቃል። በደቦ የተጠራው ሰው ይሠራል፣ ባለቤቱ ያበላል፤ ሒሳብ የለም። በዳዶ ግን ዛሬ የእኔን ማሳ ከቆፈርሽ ነገ የአንቺን እቆፍራለሁ፤ ቀኑ በቀን ይመለሳል። የእናንተን ማህበር በዳዶ ሥርዓት አቋቁሙት። እያንዳንዷ በወር ስንት ሰዓት እንደምትሰጥ ይቆረጥ፣ ይጻፍ፣ ይቆጠር። ለተማሪ በወር ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት፣ በየጊዜው ሦስት ሦስት ሰዓት ይበቃል። «በየሳምንቱ እንሠራለን» ብለው የጀመሩ ቡድኖች የመጀመሪያው ሚድ ፈተና ሲደርስ ይበተናሉ፤ አንዴ የቀረች ልጅ ምክንያቷን ማስረዳት ስለሚከብዳት መምጣቱንም ታቆማለች።

መተዳደሪያችሁ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ዓላማ፣ የሥራ ሰዓት፣ መዋጮ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተቆጣጣሪ፣ አዲስ አባል የሚገባበትና ነባር የሚወጣበት መንገድ። ሥልጣን በየሴሚስተሩ ይዙር። በመካከላችሁ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ካላችሁ (በጅማ ዶርም ብዙ ጊዜ አላችሁ) ስብሰባው አርብ ቀትር ላይ ወይም እሁድ ጠዋት አይሁን። የጋራ ምግብ ስትገዙ ሥጋ አትግዙ፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ አቮካዶና ቡና ሁሉንም ያስማማል። በረመዳን ደግሞ ቡናው ከአፍጥር በኋላ ይፈላ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ በራሳችሁ መዋጮ የምትሠሩ ጓደኛሞች እስከሆናችሁ ድረስ የሚጠይቃችሁ የለም። ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ከሌላ ተማሪ ገንዘብ መሰብሰብ፣ አዳራሽ መጠቀም ወይም በዩኒቨርሲቲው ስም ወደ ውጭ መሄድ ስትፈልጉ ግን በተማሪዎች ህብረት ሥር ካለ ክበብ ጋር ተጣመሩ፤ የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቱንም አማክሩ። ለፕሮክተሯም (ለማደሪያው ተቆጣጣሪ) ቀድማችሁ ንገሯት፤ ስምንት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሲሰበሰብ ጠብ ይሆን ወይ ብላ እንዳትደነግጥ።

ጥያቄ፦ በየወሩ 100 ብር እናዋጣለን። ገንዘብ ያዣችን የቅርብ ጓደኛዬ ናት፤ ብሩ በእሷ ቴሌብር ነው የሚገባው። የሁለት ወር ሒሳብ ስንጠይቃት ተቆጣች። ሌሎቹ ማማት ጀምረዋል። እሷን ሳላጣ እንዴት ላጣራ?
*የ3ኛ ዓመት ተማሪ፣ ከኪቶ ግቢ*

መልስ፦ እህታችን፣ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያለው ስርቆት ሳይሆን መቀላቀል ነው። ለምሳሌ የስምንት ሰው መዋጮ 800 ብርና የራሷ 300 ብር አንድ ላይ ሲቀመጡ 1,100 ይሆናሉ። የሞባይል ካርድ ትገዛለች፣ ለባጃጅ ትከፍላለች፣ ቤተሰብ ይልክላታል፣ ከዚያ የትኛው የማን እንደሆነ እሷም አታውቀውም። የምትቆጣውም ስለማታውቀው ነው።

ስለዚህ በሁሉም ፊት አትጠይቂያት። ሁለታችሁ ብቻ ስልኩንና አንድ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ቴሌብር ለእያንዳንዱ ዝውውር ቁጥር ያለው መልእክት ይልካል። ከመጀመሪያው መዋጮ ቀን ተነሱና እያንዳንዱን መልእክት በአራት ዓምድ አስፍሩት፦ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ለምን። ማህበሩን የማይመለከተውን ዝለሉት። ጉድለት ከተገኘ መጠኑን ራሷ ትናገር፤ መመለሻውንም ራሷ ትቁረጠው፦ ለምሳሌ 450 ብር ከሆነ በሦስት ወር 150፣ 150። ስብሰባ ላይ የሚነበበው «ሒሳቡ ተጣርቷል፣ 450 ብር በሦስት ጊዜ ይገባል» የሚለው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ማብራሪያ ሐሜቱን ይቀልበዋል።

ለወደፊቱ ባንክ ሄዳችሁ ሁለት ሰው ካልፈረመ የማይወጣበት የጋራ ሒሳብ ክፈቱ። ባንኩ የምትፈርሙትን ሁለታችሁንም በአካል ከነመታወቂያችሁ ይፈልጋል። እስከዚያው ድረስ ገንዘብ የምትይዘው ልጅ ገዢ አትሁን፤ አንዷ ትያዝ፣ ሌላዋ ትግዛ። ከሳጥኑ ለአባል ብድር አትስጡ። «ወር ሲገባ እመልሳለሁ» የሚለው ብድር ከሁሉ በላይ ጓደኝነት ያፈርሳል፤ ተበዳሪዋ ከሰባት ሰው ትሸሸጋለችና።

መክፈል የማትችል ልጅም ትኖራለች። 100 ብር ለአንዳንዷ የወር ሳሙናዋና ቅባቷ ነው። በአንድ ተጨማሪ ቅዳሜ ሥራ ትተካው፤ ይህንንም ከገንዘብ ያዧ በቀር ማንም አይወቅ። ደብተሩ ላይ «ተከፍሏል» ተብሎ ይጻፍ። በጉልበት ተከፍሏልና።

ጥያቄ፦ በጅሬን በኩል ላለ አንድ ትምህርት ቤት 30 ሴት ተማሪዎች የሚታጠብ የወር አበባ ጨርቅ ሠርተን ልንሰጥ ነው። ባለፈው ዓመት የሠራነው አፈሰሰ፤ በክረምትም አልደርቅ አለ። ምን አጠፋን?
*የበጎ ፈቃድ ቡድን አባላት*

መልስ፦ የሁለቱም ችግር ምንጭ አሠራሩ ነው። ብዙ ድርብ አንድ ላይ ሰፍታችሁ ከሆነ እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር መሃሉ ሳይደርቅ ይቀራል፤ ይሸታል፣ ቆዳም ያሳክካል። ያፈሰሰው ደግሞ ውሃ የማያሳልፈውን ጨርቅ መሃሉ ላይ ስለሰፋችሁት ይመስለናል፤ መርፌ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ በር ነው።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው፦ መያዣውና መምጠጫው። መምጠጫው ያልተደረበ የፍላኔል (ለስላሳ የጥጥ) ጨርቅ ነው፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሦስት ቦታ ሲታጠፍ ርዝመቱ 25፣ ስፋቱ 8 ገደማ ይሆናል። ብዙ በሚፈስበት ቀን ሁለቱን ደርባ ስድስት ድርብ ታደርገዋለች። ሲታጠብ ተዘርግቶ ነጠላ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ገመድ ላይም መሐረብ እንጂ ሌላ አይመስልም። ይህ ለአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ፍላኔሉን ሳትቆርጡ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ጥጥ ይሰበሰባል። ለጠርዝ እጥፋት በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ በ27 ቁረጡ። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ 1 ሜትር ከ20 ብትገዙ፣ ተሰብስቦም 12 መምጠጫ ይወጣዋል። ለአንዲት ልጅ 10 ስጡ፤ ከዚያ ካነሰ የታጠበው ሳይደርቅ ተለዋጭ ያልቅባታል። ለ30 ልጆች 300 ማለት ነው፤ 25 ጊዜ 1 ሜትር ከ20፣ በድምሩ 30 ሜትር። ደማቅ ወይም ጠቆር ያለ፣ አበባ ያለበት ጨርቅ ምረጡ፤ ነጭ አትግዙ።

መያዣው ርዝመቱ 28፣ መሃል ስፋቱ 9፣ ከክንፎቹ ጋር 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከላይ ጥጥ፣ ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ፣ ማለትም የሕፃን ፍራሽ መሸፈኛ የሚሠራበት፣ በአንድ ጎኑ ስስ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ዓይነት። እሱ ከጠፋ የጃንጥላ ጨርቅ ሁለት ድርብ አድርጉ። ፌስታል አታስገቡ፤ ይንኮሻኮሻል፣ ያልባል፣ በሦስተኛ እጥበት ይቀደዳል። በሁለቱ ጫፎች መምጠጫው የሚገባበት 5 ሴንቲ ሜትር ኪስ ይኑር። ስፌቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ይሁን። ስትሰፉም በስፒል ሳይሆን ጠርዙን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ክንፎቹ ከፓንት ሥር በጠቅ የሚል ቁልፍ ይያያዛሉ። ለአንዲት ልጅ ሁለት መያዣ፣ በድምሩ 60።

የሥራ ክፍፍሉ ይህን ይምሰል፦ ሁለት ሰው በካርቶን ልክ ይስላል፣ ሦስት ይቆርጣል፣ ሁለት ጠርዝ ያጥፋል፣ አንዷ ትቆጥራለች። ስፌቱን ግን የስፌት መኪና ላላት ሰፊ ክፈሉ። በእጅ የተሰፋ ጠርዝ በእጥበት ይተረተራል፤ እናንተም ሳምንቱን ሙሉ ትማስናላችሁ። ሰፊዋ 60ዎቹን ከመጀመሯ በፊት አንድ ብቻ አሠርታችሁ ፈትኑት። ሁለት መምጠጫ አስገቡበት፣ አራት የሻይ ማንኪያ (20 ሚሊ ሊትር) ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ከላዩ ወፍራም መጽሐፍ ጫኑና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ወረቀቱ ከረጠበ ስፌቱን ተመልከቱ።

ስትሰጡ ሁለት ፓንት፣ ሳሙናና እርጥቡን የምትይዝበት የማያሳልፍ ከረጢት አብራችሁ ስጡ። ትምህርቱን አፋን ኦሮሞ አቀላጥፋ የምትናገር አባል ትስጥ፤ ልጆቹ በቤታቸው ቋንቋ ነው ደፍረው የሚጠይቁት። እንዲህ ብላ ትንገራቸው፦ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፍ (ሙቅ ውሃ ደሙን ያጣብቀዋል)፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታሽ፣ በረኪና አይነካው፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ፀሐይ ከጠፋ መምጠጫው በካውያ ይተኮስ፣ መያዣው ግን አይተኮስም። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይቀየር።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ቀን ሄዳችሁ የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት እዩ። በሩ ይቆለፋል? ውሃ አለ? ከሌለ ልጅቷ እዚያ ልትቀይረው አትችልም፤ መጀመሪያ ለመቆለፊያና ለውሃ በርሜል ማዋጣት ይበልጥ ይጠቅማታል። ስጦታውን በሰልፍ ላይ አታድሉ፤ አንዲት ሴት መምህርት ባለችበት በዝግ ክፍል ይሁን። ፊታቸውን ፎቶ አታንሱ። የሪፖርት ቅጽም አታስሞሏቸው። ተማሪ ለማህበረሰብ ተኮር ትምህርት ሲወጣ በጅማ ዙሪያ ያለ ቤተሰብ ብዙ መጠይቅ ይሞላል፤ እናንተ ለማርክ እንዳልመጣችሁ ከሥራችሁ ይወቁ።

ጥያቄ፦ ስምንታችንም በአንድ ቀን ደም ብንሰጥስ?

መልስ፦ ባትሰጡ ይሻላል፤ ለሁለት ተከፈሉ፣ የሰጠችውን የምትደግፍ ትኑር። ዕድሜ ከ18 በላይ፣ ክብደት ቢያንስ 45 ኪሎ መሆን አለበት፤ የደም ማነስም ይለካል። ቁርስ በልታችሁ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥታችሁ ሂዱ። በማግስቱ ፈተና ወይም ረጅም ጊዜ ቆሞ የሚሠራ የላቦራቶሪ ሥራ ካለ ቀኑን ቀይሩ። «ደምሽ አነስተኛ ነው» ተብላ የተመለሰች ልጅ አትፈር፤ ምስርና ጎመን ከሎሚ ጋር ትብላ፣ ሻይና ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ታርቀው፣ ጤና ጣቢያም ትታይ።

ጥያቄ፦ ከመካከላችን አንዷ ከሰው ተለየች። ካፌ አትሄድም፣ ክላስ ትቀራለች፣ ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች። ስንጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች። ምን እናድርግ?
*የዶርሟ ልጆች*

መልስ፦ ስምንት ሆናችሁ አልጋዋን አትክበቡ። የምትቀርባት አንዷ ትሂድ፣ ከክፍሉ ውጭ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ግቢው ውስጥ እየተራመዱ። «ምን ሆንሽ?» ከማለት ያየችውን ትንገራት፦ «ሦስት ቀን ምሳ አልበላሽም፣ ሌሊትም ነቅተሽ አይቼሻለሁ፤ አሳስቦኛል።» ከዚያ ዝም ትበል። «ጠንክሪ»፣ «ጸልዪ ብቻ»፣ «የባሰ አለ» የሚሉት ቃላት አፏን ይዘጉታል።

መነሻው ብዙ ሊሆን ይችላል፦ የፈተና ውጤት፣ ከቤት የመጣ መርዶ፣ ገንዘብ፣ እርግዝና፣ የደረሰባት ጥቃት። ጥቃት ከሆነ ሰዓት ወሳኝ ነው። ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። የነገረቻችሁን ለማንም አትንገሩ፣ ለፍቅረኛችሁም ጭምር።

እንዲህ ሆና ሁለት ሳምንት ካለፋት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ወይም ወደ ምክር አገልግሎት አብራችኋት ሂዱ፤ «ሂጂ» ብቻ ብላችሁ አትተዋት። ካርድ የምታወጣላትና ወረፋ የምትይዝላት አንዷ ትሁን። መሞት እንደምትፈልግ ከተናገረች ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ብቻዋን አትተዋት፣ መድኃኒትና ስለት ያለውን ነገር ከክፍሉ አውጡ፣ ፕሮክተሯን ቀስቅሱ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ምስጢሯን ስላወጣችሁ ብትቆጣም ውሰዷት።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የክላስ ማስታወሻ የምትቀዳላትን በተራ መድቡ፤ ምሳም ብቻዋን አትብላ። የቅዳሜ ሰዓቷን አትቁጠሩባት፤ ስሟን ግን ከዝርዝሩ አታውጡት።