ጉማራ አፍ ላይ ነጭ ዓሣ ለምን ሳሳ?

ጥያቄ፦ ጉማራ ወንዝ ጣና ሐይቅ ከሚገባበት አጠገብ ከእርሻዬ ጎን ለጎን ዓሣ አጠምዳለሁ። ነጭ ዓሣው ዓመት ከዓመት እየሳሳ ሄደ። ዓይኑ ጠበብ ያለ መረብ ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ፦ አይግዙ። ጠባብ ዓይን የሚይዘው ገና እንቁላል ያልጣለውን ነው። የሳሳበትም ዋና ምክንያት ከመረቡ ዓይን ይልቅ የሚጣልበት ቦታና ወቅት ነው።

የኔዘርላንዱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲና የአገራችን ተመራማሪዎች ጣና ላይ አብረው ሠርተዋል። ነጭ ዓሣ የምንለው ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች መሆኑ የታወቀው በዚህ ጥናት ነው፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተገኘው ምርት ሲነጻጸር በክብደት 75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያሉት ጫጩቶች ደግሞ 90 በመቶ ገደማ ጠፍተዋል። ከትልልቁ ይልቅ ጫጩቱ ሲጠፋ መራባቱ ተቋርጧል ማለት ነው።

ምክንያቱን እርስዎ ያሉበት ቦታ ያሳያል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ይቆዩና ንጹሕ ጠጠር ወዳለባቸው የላይ ገባሮች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። እዚያ የተዘረጋ መረብ በአንድ ሌሊት ብዙ እናቶችን ይዞ ያስቀራል። ዓሣው ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የጎደለው ቶሎ አይተካም። ወንዙን በብርብራ ዛፍ ፍሬ መመረዝ ደግሞ ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ይፈጃል።

ስለዚህ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መረብዎን ከወንዙ አፍ ያርቁ፤ በደንገሉ ውስጥም አይዘርጉ፣ የቀረሶ (የቲላፒያ ዓሣ) ጫጩት የሚያድገው እዚያ ነው። የመረቡን ዓይን ለመለካት አርጥበው፣ ፊት ለፊት ያሉትን ቋጠሮዎች ወጥረው፣ 10 ዓይን በተከታታይ ለክተው ለ10 ያካፍሉ። በእኔ ምክር ከ10 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ሕጉ የሚፈቅደውን ከወረዳው የዓሣ ባለሙያ ያረጋግጡ። ርካሹን ባለ ነጠላ ክር የፕላስቲክ መረብም ይተዉት፤ ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ሲቀር ስለማይበሰብስ ማንም ሳያወጣው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል።

አንድ ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ የመረቡን ርዝመትና ዓይን፣ ያደረበትን ሰዓት፣ የዓሣውን ቁጥርና ክብደት በየዓይነቱ ይጻፉ። ክብደቱን ለመረቡ ርዝመት አካፍለው በ100 ቢያባዙት የ100 ሜትር መረብ ምርት ይሆናል፤ ዓመትን ከዓመት የሚያወዳድሩት በዚህ ነው። ባዶ ያደረውንም ሌሊት ይመዝግቡ፤ ካልተጻፈ አማካዩ ከእውነቱ በላይ ይወጣና መመናመኑን ይሸፍንብዎታል።