ጥያቄና መልስ፦ ሁከት ወዳለበት አገር ቤተሰብን ይዞ ለአገልግሎት መሄድ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የምንኖር ባልና ሚስት ነን፤ የአሥራ አራት፣ የአሥርና የስድስት ዓመት ልጆች አሉን። ቤተ ክርስቲያናችን በሰሜን ሄይቲ፣ በካፕ ሄይሺየን አቅራቢያ ያለ የሕፃናት ማሳደጊያ ትረዳለች። እኛም በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ቤተሰባችንን ይዘን ሄደን ለማገልገል በጉባኤ ፊት ቃል ገባን፤ ምእመናንም ገንዘብ አዋጡልን። አሁን በአገሩ ያለው ሁከት ስለ በረታ ወላጆቻችን አትሂዱ ይሉናል። ባለቤቴ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለመሞት እንኳ ተዘጋጅቻለሁ ማለቱን ጠቅሳ፣ ብንቀር እምነት ማጣት ይሆንብናል ትላለች። የማሳደጊያው ኃላፊም ሰሜኑ ሰላም ነው፣ ኑ ብሎናል። ጉዳዩን በጾምና በጸሎት ይዘነዋል፤ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የተወደዳችሁ ወንድሜና እህቴ፣ ጉዳዩን በጾምና በጸሎት እንደያዛችሁት ከጽሑፋችሁ ስለ ተረዳሁ ስለዚያ አላነሣም። መልሴን ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ፦ በዚህ ጊዜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። ይህን የምለው ፍቅራችሁን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ለማያውቁት ሕፃን ብለው ከምቾታቸው የሚነሡ ቤተሰቦች በመካከላችን መኖራቸው ጌታን የማመሰግንበት ነገር ነው።

በትጉሃን አማኞች ዘንድ ደጋግሜ ያገኘሁት አንድ የተሳሳተ መረዳት አለ፤ እርሱም አደጋ ወዳለበት መሄድ እምነት ነው፣ መቅረት ግን ፍርሃት ነው የሚል ነው። ከዚህም ብሶ አደጋው በጨመረ ቁጥር ጥሪው ከእግዚአብሔር ለመሆኑ ማረጋገጫ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ተው ብሎ የሚመክር ወላጅም የጠላት መልእክተኛ መስሎ ይታያል። እህቴ የጠቀሰችው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ነውና፣ ያንኑ ምዕራፍ ከመጀመሪያው አንብቡት። ጳውሎስ ለእስራትና ለሞት ተዘጋጅቻለሁ ከማለቱ አስቀድሞ በጢሮስ ሰባት ቀን ተቀምጦ ነበር፤ ሲነሣም አማኞቹ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ከከተማው ወጥተው ሸኙት፣ በባሕሩም ዳር አብረው ተንበርክከው ጸለዩ። ከዚያ በኋላ ጳውሎስ ወደ መርከቡ ገባ፤ ቤተሰቦቹ ግን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እነዚያ ልጆች አብረው ባለመሳፈራቸው እምነት ጎደላቸው የሚል ቃል ከዚያ ምዕራፍ አታገኙም። ጳውሎስ ለአደጋ የሰጠው የራሱን ሕይወት ነው፤ ደግሞም ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰበውን እርዳታ ለኢየሩሳሌም ድሆች የማድረስ ኃላፊነት ነበረበት። ይኸው ሰው ቀድሞ በደማስቆ ሊገድሉት በሮቹን ሲጠብቁ፣ ሌሊት በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ በኩል ወርዶ አምልጧል፤ ያን ጊዜም እምነቱ አልጎደለም ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ለመሞት ተዘጋጅቻለሁ ማለት አይችልም፤ አባትና እናቱም ይህን ቃል በእርሱ ፈንታ እንዲናገሩ ሥልጣን አልተሰጣቸውም።

ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው መዝሙር 91ን እንደሆነ አትርሱ፤ እኛም ለመንገደኛ የምንጸልየው ያንኑ መዝሙር ነው። ጌታ የመዝሙሩን ተስፋ ሳይክድ ጌታን አምላክህን አትፈታተነው ብሎ መለሰ።

ሰሜኑ ሰላም ነው መባሉን አልንቅም፤ ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦ ፕሪንስ ጋር ሲነጻጸር እውነትነት አለው። ነገር ግን የአንድ አገር ሕመም በአንድ ከተማ አይወሰንም። ፕሬዚዳንት ጆቬኔል ሞይዝ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በመኖሪያ ቤታቸው ከተገደሉ ወዲህ የወሮበላ ቡድኖች እየበረቱ መጥተው፣ በ2024 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከውጭ አገር እንዳይመለሱ እስከማድረግና ሥልጣን እስከማስለቀቅ ደረሱ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በዋና ከተማዋ የመንገደኞች አውሮፕላን በጥይት ተመታ። በ2022 ቡድኖቹ በዋና ከተማዋ ያለውን የቫሬው የነዳጅ ማከማቻ ለሳምንታት በዘጉ ጊዜ ከዋና ከተማዋ ውጭ ያሉ ሆስፒታሎችም የጄነሬተር ናፍጣ ቸገራቸው። በጥቅምት 2021 ደግሞ የሕፃናት ማሳደጊያ ጎብኝተው ሲመለሱ የነበሩ 17 የወንጌል አገልጋዮችና የቤተሰብ አባሎቻቸው ታገቱ፤ ከእነርሱ አምስቱ ልጆች ነበሩ፣ አንዱም ገና ዓመት ያልሞላው ነበር። የመጨረሻዎቹ ነጻ የወጡት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እገታ በገዛ አገራችን ምን ያህል ቤተሰብ እንዳራቆተ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ እንድታስቡበት የምለምናችሁ ግን የሚቀበሏችሁን ሰዎች ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 23 ዳዊት ከቤተ ልሔም ምንጭ ውኃ ተመኘ፤ ሦስቱ ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ጥሰው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ይህ በነፍሳቸው የደፈሩ ሰዎች ደም ነው ብሎ ሊጠጣው አልወደደም፣ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። እናንተ ስትሄዱም በነፍሱ የሚደፍር ሰው አለ። ሾፌሩ ጎማ እየነደደ የተዘጋውን መንገድ አልፎ አውሮፕላን ማረፊያ ይመጣል፤ የውጭ አገር ሰዎች የጫነ መኪና ደግሞ ከሩቅ ይለያል። የምግብ አብሳይዋ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ለአምስት እንግዳ የሚሆን ከሰል ታያይዛለች፣ ለእናንተ የታሸገ ውኃ ይገዛል፣ ማታ መብራት እንዳታጡ ለሳምንት የተቆጠበው ናፍጣ ይነድዳል። በአገራችን በችግር ዘመን ለልጆች የተቀመጠችው እንጀራ ለእንግዳ ስትወጣ ባለቤቲቱ ፈገግ ብላ ብሉልኝ እንደምትለው፣ የማሳደጊያው ኃላፊም ኑ ማለቱ የማይቀር ነው፤ የምትሄዱት እርዳታውን የሚልከው ቤተ ክርስቲያን አባላት ሆናችሁ ነውና አትምጡ ለማለት አፉ አይደፍርም።

ያዕቆብ ወላጆች የሌላቸውን ልጆች በመከራቸው መጠየቅ ንጹሕ አምልኮ ነው ብሎ ጽፏል፤ ይህን ትእዛዝ ከማንም ላይ አላነሣም። ነገር ግን በሄይቲ ማሳደጊያዎች ይኖራሉ ተብለው ከሚገመቱት 30,000 ያህል ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። እናት ልጇን ወደዚያ የምታመጣው በአብዛኛው ስለማትወደው አይደለም፤ የሚበላውና ለትምህርት የሚከፈለው ስለሌላት ነው፣ በዚያ አገር አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የግል ናቸውና። በየዓመቱ የሚለዋወጥ እንግዳ አቅፎት፣ አጫውቶት፣ አልቅሶ ሲሰናበተው ደግሞ ልጁ ሌላ መለየት ይጨመርበታል። ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት የሚወጣው ገንዘብ ስንት እናት ልጇን ከቤቷ እንዳታወጣ ሊረዳት እንደሚችል ከኃላፊው ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉ።

በጉባኤ ፊት የገባችሁት ቃል እንደሚከብዳችሁ ይገባኛል። ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ እመጣለሁ ብሎ በቀረ ጊዜ ቃሉ አይጸናም ተብሎ ተከሷል፤ እርሱም በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 ሲመልስ ያልመጣው ለእነርሱ ራርቶ እንደሆነ እግዚአብሔርን ምስክር ጠራ። ስለዚህ እሑድ በጉባኤ ፊት ቁሙና አልመቸንም ሳይሆን፣ ለልጆቻችንና ለሚቀበሉን ወገኖች ራርተን ቀርተናል በሉ። የተዋጣውንም ሳታጎድሉ፣ ከትኬት የሚመለሰውን ጨምራችሁ ለሽማግሌዎች አስረክቡ፤ አሳቡ መለወጡን ሰምቶ ድርሻውን መልሱልኝ የሚል ቢኖር ያለ ቅሬታ ይመለስለት።

ለኃላፊው አስቀድማችሁ እርዳታው ብንመጣም ብንቀርም አይቋረጥም ብላችሁ አረጋግጡለት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ምን እንደሚሻለው ጠይቁት። እውነቱን ያን ጊዜ ይነግራችኋል። መንገዱ ሲከፈትና የዚያው አገር አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ሲጠሩ፣ ከሁለታችሁ ለሥራው የሚሆን ሙያ ያለው አንዱ ብቻ ቢሄድ እኔም እጄን ጭኜ እጸልይላችኋለሁ። ትልቋ ልጃችሁ ጉዞው የቀረበትን ምክንያት ከእናንተው አፍ፣ ሳይሸፋፈን ትስማ፤ ለልጆቹ ያዘጋጀችው ነገር ካለም አሁኑኑ በሚላከው ዕቃ ውስጥ ይግባ።