ሪላክሰርና ሂና ባለፈበት ጥቁር ፀጉር ላይ መዳብማ ቡኒ፦ ደብረ ብርሃን ላለችው እህታችን

ጥያቄሽን ለሌሎቹም እንዲጠቅም ባጭሩ ልድገመው። ፀጉርሽ ጥቁር ነው፣ ትከሻሽ ላይ ይደርሳል፣ ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል) ከተደረገ አንድ ወር ሆኖታል፣ ክረምቱን ደግሞ ሂና ተቀብተሻል። አሁን መስቀል ካለፈ በኋላ ፈረንጆቹ ቅጠላቸው በሚረግፍበት ሰሞን የሚቀቡት መዳብማ ቡኒ አምሮሻል፤ ቤትሽ ሆነሽ ራስሽ መቀባት ትፈልጊያለሽ።

በለጠፍሽው ፎቶ ላይ ያለው ፀጉር መጀመሪያ በብሊች የነጣ፣ ከዚያ የተቀባ ነው። ያንን አሁን ባለሽ ፀጉር ላይ እንዳትሞክሪው። ሪላክሰር የፀጉሩን ውስጣዊ ማያያዣ አላልቶታል፤ ብሊች ሲጨመርበት እርጥብ እያለ እንደ ማስቲካ ይሳባል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ሊወጣልሽ የሚችለው ቤት ውስጥ ጠቆር ብሎ የሚታይ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ቀላ የሚል ቡኒ ነው። የመንዝ ባና ቡኒውን ብርሃን ላይ ዘርግተሽ ካየሽው እሱን አስቢ። ለእኔ ከፎቶው ይልቅ ለጠይም ፊት የሚያምረውም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሂናው ነው። ንጹሕ ሂና የቅጠል ዱቄት ነው፤ መልኩ አረንጓዴ ነው፣ ሲበጠበጥ የደረቀ ሣር ይሸታል፣ ጥቁር ፀጉር ላይ ከቀይ ነጸብራቅ ሌላ ምንም አያመጣም። «ጥቁር ሂና»፣ «ቡኒ ሂና» እየተባለ የሚሸጠው ግን ሌላ ነገር የገባበት ነው። አንዳንዱ የብረታ ብረት ጨው አለበት፣ እሱም ከቀለሙ ጋር ከሚደባለቀው ፔሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይሞቃል፣ ፀጉሩን ያቃጥላል። በፌስታል ተመዝኖ የተገዛ ከሆነ ምን እንዳለበት በዓይን አይታወቅም፤ ስለዚህ ፈትኚው። ማበጠሪያሽ ላይ የቀረውን ፀጉር ሰብስቢ፤ ሂናው ያረፈበት ጫፍ መሆኑን አረጋግጪ። ልትቀቢው ካሰብሽው ቀለምና ፔሮክሳይድ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ በፕላስቲክ ስኒ ደባልቀሽ ፀጉሩን 30 ደቂቃ ንከሪው። ስኒው ከሞቀ፣ ድብልቁ ከተንፈቀፈቀ፣ ፀጉሩ አረንጓዴ ካለ ወይም ከላሸቀ ነገሩ አበቃ፤ ሂናው አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ ፔሮክሳይድ ያለበት ቀለም አትንኪ። ምንም ካልሆነ አጥበሽና አድርቀሽ በመስኮት ብርሃን እዪው፤ የሚወጣልሽን መልክ ቀድመሽ አየሽ ማለት ነው።

ያው ድብልቅ እያለ ትንሽ ጠብታ ክርንሽ እጥፋት ውስጥ ወይም ከጆሮሽ ኋላ አድርጊና በሣጥኑ መመሪያ መሠረት ለ48 ሰዓት ተከታተዪው። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ተዪው። በፊት ጥቁር ሂና እጅሽ ላይ ውኃ አስቋጥሮ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ሙከራውንም አታድርጊ፤ ለዚያ ምክንያት የሚሆነው ፒፒዲ የተባለው ኬሚካል በአብዛኛው ቋሚ የፀጉር ቀለም ውስጥ አለ፣ ሁለተኛው ጊዜም ከመጀመሪያው ይከፋል።

የፀጉሩን ጥንካሬ ለማወቅ አንድ ፀጉር አርጥበሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ተስቦ ከተመለሰ ደህና ነው። ተስቦ ከቀረ ወይም ወዲያው ከተበጠሰ ፔሮክሳይድ የሌለውን፣ እየታጠበ የሚለቀውን ቀለም ብቻ ተጠቀሚ።

የቀለም ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በብዙ አምራቾች ዘንድ ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ጥቁረትን ያሳያል፦ 1 ጥቁር ነው፣ 10 በጣም የነጣ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቃናው ነው፤ 3 ወርቃማ፣ 4 መዳብማ፣ 5 ማሆጋኒ። አንዳንዱ አምራች ቃናውን በሌላ ቁጥር ስለሚጽፍ የሣጥኑን ጎን አንብቢ። አንቺ 6.4 ብትገዢ ፀጉርሽ ላይ የሚታየው 6 አይደለም፤ 3 ወይም 4 አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም 20 ቮሊዩም (6 በመቶ) ፔሮክሳይድ ጥቁሩን የሚያነሣው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። «ታዲያ 30 ወይም 40 ልጨምርበት» እንዳትዪ። ሪላክሰር ባለበት ፀጉር ከ20 አትለፊ። ደግነቱ ጥቁር ፀጉር ሲነሣ ከሥሩ የሚወጣው ራሱ ቀይና ብርቱካንማ ስለሆነ መዳቡ ብዙ ትግል አይፈልግም።

መጠኑን በዓይን አትገምቺ። ብዙው ክሬም ቀለም ከፔሮክሳይዱ ጋር እኩል በእኩል፣ አንዳንዱ 1 ለ1.5 ነው፤ 60 ሚሊ ሊትር ትዩብ ከሆነ 60 ወይም 90 ሚሊ ማለት ነው። ትከሻ ላይ ለሚደርስ ወፍራም ፀጉር ሁለት ትዩብ ያዢ፤ መሃል ላይ ቢያልቅብሽ ዥንጉርጉር ይሆናል። ሳህኑ ፕላስቲክ ወይም ሸክላ ይሁን፣ ብረት አይሁን። ደባልቀሽ አታስቀምጪ፣ የተረፈውንም ክዳን ዘግተሽ አታቆዪ፤ ጋዝ ስለሚፈጥር ሊፈነዳ ይችላል።

ቅቤ ተቀብተሽ ከነበረ ከሁለት ቀን በፊት ሁለት ጊዜ በሻምፑ እጠቢው፤ ቅቤ ባለበት ቦታ ቀለም አይዝም። ከዚያ በኋላ ግን አትታጠቢ፤ የራስ ቅል ቆዳ የራሱ ወዝ ቢኖረው ያቃጥልሽ የነበረው ይቀንሳል። ሹሩባ ገና ከፈታሽም አንድ ሳምንት ቆዪ፣ የተቧጨረ ቆዳ ላይ ቀለም አይቀባም።

አሁን ወደ ብርዱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ይጥላል፣ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቀለም ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሳይነሣ ይቀራል፣ ሰው ደግሞ «ቀለሙ የተበላሸ ነው» ይላል። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ቀቢው። ትዩቡንና ጠርሙሱን ቀድመሽ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆዪያቸው፣ ከቀባሽ በኋላ የፕላስቲክ ካፕ አጥልቀሽ ፎጣ ጠምጥሚበት። ካስክ ውስጥ መግባት ግን መመሪያው ካልፈቀደ የለም። ክፍሉን ለማሞቅ ብለሽ ከሰል አቀጣጥለሽ በር እንዳትዘጊ፤ ጋዙ ሰው ይገድላል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚገጥማችሁ፤ ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ይደርቃል፣ ከ20 ደቂቃ ጀምሮ እያያችሁ።

ሳትጀምሪ ውኃ አዘጋጂ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተሽ፣ እሱን ለብ ለማድረግ የሚበቃ የፈላ ውኃም በፔርሙስ ያዢ። ቀለም ራስሽ ላይ እያለ ውኃ ወይም መብራት ቢጠፋ ሰዓቱን ማራዘም አትችይም።

ግንባርሽና ጆሮሽ ዙሪያ ቫዝሊን ቀቢ፣ ጓንት አድርጊ፣ ፀጉሩን አራት ቦታ ክፈዪው። ከሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትተሽ መሃሉን ቀድመሽ፣ ከኋላ ጀምረሽ ቀቢ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሥሩንና ጫፉን ጨምሪ። ሥሩ መጨረሻ የሚሆነው የራስ ሙቀት ስለሚያፈጥነው ነው፤ ቀድመሽ ከቀባሽው ሥሩ ብርቱካን፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጫፉ ደግሞ በሪላክሰር ስለተቦረቦረ ቀለም አብዝቶ ይጠጣል፤ ቢቆይበት ይጠቁራል። ጠቅላላውን ጊዜ ከሣጥኑ መመሪያ አታሳልፊ፤ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነው። ሽበት ያላችሁ መዳቡን ብቻ አትቀቡ፣ ሽበቱ እንደ ካሮት ይሆናል፤ ግማሹን 5፣ ግማሹን 5.4 አድርጋችሁ ደባልቁ።

ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ በለብታ አጥበሽ ኮንዲሽነር አድርጊ። ሻምፑ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ጀርባው ላይ ሰልፌት የሌለው መሆኑ የተጻፈበትን ፈልጊ፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ከሁሉ ቶሎ የሚለቀው ቀይ ቃና ነው። ደጋ ላይ ፀሐዩ ብርዱ ስለሚሸፍነው አይታወቅም እንጂ ኃይለኛ ነው፣ ነፋሱም ያደርቃል፤ ስትወጪ ሻሽ እሰሪ፣ የሱፍ ኮፍያ ካደረግሽም ከሥሩ ሳቲን ይሁን፣ ሱፍ ደረቅ ፀጉር ይቆርጣል። መተኮሻውን ከ180 ዲግሪ አታሳልፊ።

ቅቤ ቀለም ያስለቅቃል በሚለው ከብዙዎቻችሁ ጋር አልስማማም። ቅቤው አይደለም ቀለሙን የሚያስለቅቀው፤ ቅቤውን ለማስለቀቅ ሦስት አራት ጊዜ በሻምፑ መታሸቱ ነው። ከወደድሽው ለጋውን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ ከመታጠብሽ በፊት ለአንድ ሰዓት ጫፉ ላይ ብቻ።

ለጥምቀት እንዲደርስልሽ ከሆነ የታኅሣሥ አጋማሽ ጥሩ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ቀጣዩን ሪላክሰር ስትፈልጊ መጀመሪያ ሪላክሰሩ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቀለሙ፣ እሱም አዲሱ ሥር ላይ ብቻ። የስኒውን ፈተና ከሠራሽ በኋላ ምን እንደሆነ እዚሁ ጻፊልን፤ ሂናው ሣጥን ካለው የሣጥኑን ጀርባ ፎቶ ጨምሪበት።